የጠዋት ስልክ ከቶንጎ

«ቦታ የለም ይላል» አሉኝ በስልክ የማላውቃቸው ሰው። «እኔ ግን በዓይኔ አያለሁ። ወንበር ባዶ ነው። ሰው ቆሟል፣ ወንበር ባዶ ነው፣ ስክሪኑ ቦታ የለም ይላል። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው ልጄ?»

ስልኩ የተደወለው ከቶንጎ ነበር። ሥራውን ከጀመርኩ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ሰውዬው ግን አልተቆጡም። የተቸገሩ ብቻ ነው የሚመስሉት፤ ከኋላቸው ሰዎች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምሠራው አሶሳ ውስጥ፣ በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ከያሉበት ሆነው ትምህርታቸውን በሚያሻሽሉበት ተቋም ነው። ባምባሲ፣ ሆሞሻ፣ ቶንጎና ሌሎችም የወረዳ ከተሞች ውስጥ አንዳንድ ክፍል አለን። በየጠረጴዛው ላይ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና መዳፍ የምታክል ሣጥን አለች። ሣጥኗ ራሷ ምንም አታውቅም። መምህሩ «ኮምፒውተሬን ከፈትኩ» ሲል የሚከፈተው ኮምፒውተር ያለው አሶሳ፣ ከእኔ ቢሮ ግድግዳ ማዶ፣ ሰርቨሮቹ በተደረደሩበት ክፍል ነው። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ይሉታል። አንዱ ሰርቨር ብዙ ሰው ይሸከማል። ሲሞላ ግን ሞላ ነው፤ ሌላ ሰርቨር ካልበራ በስተቀር ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣለታል። ታዲያ ሁሉንም ከጠዋት እስከ ማታ አብርቶ መተው አይቻልም ወይ ቢባል፣ መብራቱ የአሶሳ መብራት ነው። ሲሄድ ባትሪው ይቀበላል፣ ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ በበጋ ደግሞ የሰርቨሮቹ ሙቀት ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥራዬ መገመት ነበር። ዛሬ ምን ያህል ሰው ይመጣል? ምን ያህል ሰርቨር ላብራ?

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ወንበሩ ያለው እዚያ ነው። ቦታው ግን እዚህ እኔ ዘንድ ነው። ባምባሲና ሆሞሻ ቀድመው ሞሉት። አሁን አንድ ሰርቨር እጨምራለሁ፤ ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ይደርሳል።»

ረዥም ሳቅ ሳቁ። «እንግዲህ እኔ ወንበር አያለሁ፣ አንተ ቦታ ታያለህ» አሉ። «እሺ። ነገ ሰው ሳይመጣ በፊት እኔ እደውላለሁ።»

እንዳሉትም ደወሉ። የቶንጎውን ክፍል የሚያስተባብሩት እሳቸው ነበሩ፤ በመምህርነት ያረጁ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማኦኛ ነው። አማርኛን የተማሩት መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በሥራ ላይ ነው፤ ሴትና ወንድ በእሳቸው አማርኛ አንድ ናቸው። እኔንም «አንተ» ነበር የሚሉኝ። «እንዴት አደርክ ልጄ? ሰላም ነህ?» መጀመሪያ ሰሞን ላርማቸው ሁሉ አስቤ ነበር። ግን «ልጄ» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ነገር ሌላውን ሁሉ ስለሚያስረሳኝ ተውኩት። በኋላ በኋላማ ሌላው ሰው ሁሉ «አንቺ» ሲለኝ ውሎ፣ የሳቸው «አንተ» ይበልጥ የቀረበኝ ይመስለኝ ጀመር።

ስልካቸው ብዙ ጊዜ ቁርስ ላይ ነበር የሚያገኘኝ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጓሮው ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ። እማዬ ከወሎ በሰፈራ የመጣች ናት። እኔ የተወለድኩት ከአሶሳ ወጣ ብሎ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ነው፤ ወደ ከተማ የገባነው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ እማዬም እየሰማች ጓዳና ሳሎን ትላለች።

«ዛሬ ሰው ጥቂት ነው» ይላሉ ጋሼ። «ገበያ ነው።»

ወይም «ዛሬ ዝናብ አለ። አሁን ሰው የለም። ሲያባራ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል፤ ተዘጋጅ።»

ወይም «ዛሬ ሠርግ ነው። ግማሹ መምህር ሠርግ ሄዷል። ግማሹ ደግሞ ሠርግ የሄደውን ሰው ክፍል ያስተምራል። እኛ ጋ የሚመጣ የለም።»

ዓርብ ሲሆን «ከሶላት በኋላ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ» ይሉኛል። እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ፣ እንደነገሩኝ ሰርቨር አበራለሁ ወይም እተዋለሁ። ቶንጎን በእግሬ ሳልረግጣት ዝናቧን፣ ገበያዋን፣ ሠርግና ለቅሶዋን አወቅሁት። እማዬም ለምዳቸው ከጓዳ ሆና «ኸረ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ በያቸው» ትለኛለች፤ እሳቸውም ሰምተው «አልሐምዱሊላህ፣ እናት ደህና ነው?» ይላሉ።

ከዚያ ኃላፊያችን አዲስ አበባ ለሥልጠና ላከኝ። ሥልጠናው ሰርቨሮቹ እንደ ሰዉ ብዛት በራሳቸው እንዲበሩና በራሳቸው እንዲጠፉ ስለማድረግ ነበር።

ሕጉ ሲነገር ቀላል ነው። በበሩት ሰርቨሮች ላይ የቀረው ክፍት ቦታ ሲያንስ ሌላ ይነሳል። ሰው ሲቀንስ ደግሞ አንዱ ሰርቨር ይመረጥና አዲስ ሰው መቀበል ያቆማል፤ በላዩ ያለው የመጨረሻ ሰው ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይጠፋል። አስቸጋሪው ልኩን ማግኘት ነው። ሰርቨር ተነስቶ ሰው እስኪቀበል ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ቦታው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ነው መነሳት ያለበት። በጣም ከቸኮለ ባትሪው ባዶ ቦታ ሲጠብቅ ይውላል፤ ከዘገየ የሆነ ከተማ ላይ ሰው ቆሞ ይቀራል።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ሥራዬ ስክሪን ላይ ሁለት መስመሮች ማየት ሆነ። አንዱ ያዘጋጀነው ቦታ ነው፣ ሌላው የመጣው ሰው። የሰዉ መስመር ከታች፣ የቦታው መስመር ከላይ፣ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት። ሲቀራረቡ ልቤ ይመታል፤ ሲራራቁ ደግሞ ዓይኔ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ልኩን ከፍ አደርጋለሁ፣ ዝቅ አደርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ከክፍል ሲወጡ ለሚፈጠረው ግርግር አንድ ሰርቨር ቀደም ብሎ እንዲነሳ አደረግሁ። ለቅዳሜ ሌላ ልክ አወጣሁለት። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መስመሮቹ ተነካክተው፣ ወንበሬን እየጎተትኩ ወደ ስክሪኑ ስጠጋ ሦስተኛው ሰርቨር ብድግ ሲል አየሁና ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከቢሮው በር ላይ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን «ምነው፣ ጎል ገባ እንዴ?» አለችኝ።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ፤ «ቦታ የለም» የተባለ ሰው አልነበረም። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ጥሩ ሥራ ነበር።

ጋሼ ያን ሁሉ ጊዜ መደወላቸውን አላቋረጡም ነበር። አንድ ጠዋት ምሥራቹን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ በየጠዋቱ አይቸገሩ። ማሽኑ ራሱ ያውቃል።»

«ሰው ሲመጣ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ሲሄድስ?»

«ሲሄድም ያውቃል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ጎበዝ ልጅ። እንግዲህ አንተም አረፍክ።»

በማግስቱ ስልኩ አልጮኸም። በሦስተኛው ጠዋት እማዬ ሻዬን እያቀረበች «የቶንጎው ሰው ምነው ጠፋ?» አለችኝ።

«አሁን መደወል አያስፈልግም። ሰርቨሮቹ በራሳቸው ይሠራሉ።»

«ጉዳይ ከሌለ አይደወልም እንዴ?» አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

ስልኬን አንስቼ ቁጥራቸውን ያየሁበት ጊዜ ነበር። ግን አስተባባሪ ናቸው፣ ክፍል አለባቸው፣ ምን ብዬ? ቀኑ እንዲሁ ይሄዳል። ቶንጎ አሁን ለእኔ ስክሪን ላይ ያለች ቀለም ሆነች፤ ጠዋት ዝቅ ብላ፣ ከሰዓት ከፍ ብላ፣ ማታ የምትጠፋ። ዝናቡ ዘንቦም እንደሆነ፣ ሠርግም ኖሮ እንደሆነ አላውቅም፤ መስመሩ ይወርዳል፣ ምክንያቱን አይናገርም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወደ አመሻሹ ላይ ሁሉም ከተማ ሲወጣ ሰርቨሮቹ በየተራ ይጠፋሉ፤ አንዱ ግን አይጠፋም። ሰው አለበት። የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ እንዳይጠፋ ያደረግሁት ራሴ ነኝ፤ ስለዚህ እንዳዘዝኩት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሌላው ቀንም። ባትሪው ለጠዋት ሳይሞላ ያድራል ብዬ ሰጋሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ «ሥራዎን አስቀምጠው ይውጡ» የሚል መልእክት አዘጋጅቼ ነበር፤ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ከመጫኔ በፊት ግን ሰውዬው ማን እንደሆነ አየሁ። ከቶንጎ ነው። ጋሼ ናቸው።

ደወልኩ።

«ልጄ!» አሉ። «ሰላም ነህ? ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም ጋሼ። ክፍሉ ውስጥ ነዎት?»

«አዎ። ማሽኑ ነገረህ? እወጣለሁ፣ አሁን እወጣለሁ። መብራት አባከንኩ?»

«አይ፣ አይውጡ። ምን እየሠሩ ነው ብዬ ነው።»

«ትምህርት እሰማለሁ። የተቀዳውን። የድሮውንም፣ አዲሱንም። እኔ ፈተና የለኝም፤ ግን ሰው ያወራል። ቤት ውስጥ የሚያወራ የለም።»

«ባለቤትዎስ?»

«ባለቤቴ አሶሳ ነው። ሆስፒታል ነው። ውኃ ሊቀዳ ሄዶ፣ ጭቃ አዳለጠው፣ እግር ተሰበረ።»

ስለ ባለቤታቸው ሲያወሩም «እሱ» ነበር የሚሉት፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ እል ነበር። «አሶሳ? እዚህ አሶሳ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። እኔ ነኝ ያመጣሁት። እዚያው አደርኩ፣ አደርኩ፣ ከዚያ የመምህራን ፈተና ደረሰ፣ ተመለስኩ። የእህቱ ልጅ እዚያ ኮሌጅ ይማራል፤ እሱ ያስታምማል።»

«አሶሳ መጥተው፣ እዚህ አድረው፣ ለእኔ ሳይደውሉልኝ?»

«ሥራ ላይ ነህ ብዬ። ማሽኑ ራሱ ያውቃል አልከኝ። እንግዲህ ምን ብዬ ልደውል ልጄ?»

ሰርቨሩን አላጠፋሁትም፤ እስኪወጡ ድረስ በርቶ ቆየ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት፣ እጇ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጠች። «ያ ሰው ሚስቱ እዚህ ተኝታ ነው እኛ ማናውቀው?» አለች። «የማናውቀው» ማለቷ ነው፤ ስትጣደፍ የወሎ አነጋገሯ ይመጣባታል። ጠዋት ስነሳ አጥሚቱ ተሠርቶ ፔርሙዝ ውስጥ ገብቷል፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

የጋሼን ባለቤት አልጋ ያገኘነው ጠይቀን ጠይቀን ነው። እትዬ እላቸው ጀመር፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ሰው የሚከተል ሴት ናቸው፤ አንድ እግራቸው እስከ ጭናቸው በጀሶ ታስሯል። «የእህቱ ልጅ» የተባለው ደግሞ ጠጉሯን በሻሽ ያሰረች ተማሪ ልጅ ሆና አገኘኋት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ታነባለች። ከቶንጎው ጋሼ ጋር የምሠራ መሆኔን ነገርኳት። እሷም ለአክስቷ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። እትዬ አዩኝ፣ ደግመው አዩኝ፣ የሆነ ነገር አሉ፤ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

«ምን አሉ?»

«አሶሳ አንድ ልጅ አለ እያለ ሁልጊዜ ያወራልኝ ነበር፤ ወንድ መስሎኝ ነበር ትላለች። ጠዋት ጠዋት ስልክ ይዞ ግቢ ውስጥ እየዞረ ሲያወራ ሻዩ ይቀዘቅዝበት ነበር። ከዚያ ማውራቱን ተወ። ተጣላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር ትላለች።»

«አልተጣላንም በያቸው» አልኩ። እማዬ በዚህ መሃል አጥሚቱን ቀድታ፣ ትራሱን ከፍ አድርጋ፣ ኩባያውን ከእትዬ አፍ አድርሳዋለች። ሁለቱ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ሆስፒታሉን ቤቷ አደረገችው። ልጅቷ ፈተናዋ ደርሶ ነበርና ማስታመሙን እማዬ ተረከበች። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ እትዬ መውጣት እንደሚችሉ፣ ግን ጀሶው እስኪፈታ ለምርመራ እንዲመላለሱ ተናገረ። በዚያ እግር፣ በዚያ መንገድ፣ ቶንጎ ሄዶ መመለስ የሚታሰብ አይደለም። ልጅቷ ደግሞ የምታድረው ከጓደኞቿ ጋር ተዳብላ ነው። እያሰብን ሳለ እማዬ «የእኛ ቤት ምን ሆነና ነው?» አለች፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

አልጋዋን ለእትዬ ለቀቀችና እሷ ከእኔ ጋር ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋ መተኛት ጀመረች። አጥንት እንዲጠግን ሥጋ ያስፈልጋል ብላ ዶሮ ገዛች። ግን እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ ሙስሊም። እማዬ ዶሮዋን ታቅፋ ጎረቤታችን ወደሆኑት ሼህ ቤት ሄደች፣ አሳረደቻት፣ ለዚያ ብቻ የሚሆን አዲስ ድስት ገዝታ ሠራችላቸው። እሷ አልቀመሰችም፤ ጨው መብዛቱን ወይም ማነሱን እንኳ በማሽተት ብቻ ነበር የምትገምተው። እትዬ ይህንን ከእህታቸው ልጅ ሲሰሙ ሳህኑን አስቀምጠው የእማዬን እጅ ያዙና ረዘም ላለ ጊዜ አልለቀቁትም።

ከሥራ ስመለስ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው አገኛቸዋለሁ። አንዷ በወሎ አማርኛ ታወራለች፣ ሌላዋ በማኦኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አንድ ቀን «ምን ተባብላችሁ ነው?» ብዬ እማዬን ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። ከዚያ ከዚህ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። «እኛ ስንመጣ ምኑ ይበላል፣ ምኑ ይገድላል፣ አናውቅም ነበር። አንዲት የአገሩ ሴት ናት ቀርከሃው ውስጥ ይዛኝ ገብታ ለጋውን መርጣ ያሳየችኝ። ቀቅላ፣ መጀመሪያ ራሷ በልታ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። አፏን አልሰማ፣ አፌን አትሰማ። ስሟን እንኳ አላወቅሁትም።»

የጠዋቱ ስልክም ተመለሰ። አሁን የሚፈለገው እኔ ሳልሆን እትዬ ናቸው። ስልኩን እሰጣቸውና እነሱ ያወራሉ፤ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ልጃገረድ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ሲጨርሱ ስልኩን ይመልሱልኛል።

«ዛሬ ሰው ብዙ ነው» ይሉኛል ጋሼ። «ግን አንተ ታውቃለህ፤ ማሽን ነግሮሃል።»

«ገና ስላልመጡ አልነገረኝም ጋሼ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

«እንግዲያው ስማ» ይላሉ፤ እኔም ሻዬን ይዤ እሰማለሁ። ማሽላ ሊታጨድ ነው፣ ዝንጀሮ አስቸግሯል፣ የሒሳብ መምህሩ ሚስት ወልዳለች፣ ወንዙ ጎድሏል። ሰርቨሮቹ ይህን ሳይሰሙ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ጀሶው ሊፈታ ሲል ጋሼ ራሳቸው መጡ። መናኸሪያ ልቀበላቸው ሄድኩ። በባምባሲ በኩል የሚመጣው የቶንጎ መኪና ሲገባ ብዙ ሰው ወረደ፤ መልካቸውን አላውቀውም። ጀሪካን፣ ከረጢት፣ ፍየል፣ ግርግር ነው። ስልኬን አውጥቼ ስደውል ከኋላዬ ስልክ ጮኸ። ዞርኩ። አጭር፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ የማር ባልዲ ያቀፉ ሽማግሌ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «አቤት ልጄ» ይላሉ።

«ጋሼ!»

ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ አዩኝ። «አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀምጠው ትከሻዬን በትከሻቸው ደጋግመው መቱ፤ ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ሁለታችንም የተናገርነው በስልካችን ውስጥ ተመልሶ ይሰማ ነበር።

እትዬን አይተው፣ አጠገባቸው ቆይተው፣ ምሳ ከበላን በኋላ «ቦታውን አሳየኝ» አሉኝ። የቱን ቦታ እንደሆነ ገባኝ። ወደ ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ። የሰርቨሩን ክፍል በር ስከፍት ሙቀቱና ጩኸቱ ተቀበለን። ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ ሲሉ አያስፈልግም ብዬ ከለከልኳቸው።

«ይሄ ብቻ ነው?» አሉ።

«ይሄ ብቻ ነው።»

«ያ ሁሉ ሰው እዚህ ነው የሚቀመጠው?»

«እዚህ ነው።»

ከዚያ ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳቸውና ሁለቱን መስመሮች አሳየኋቸው። ሰዓቱ መምህራኑ ከክፍል ሊወጡ የተቃረቡበት ነበር። ቶንጎ ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ። «ይሄ የሒሳቡ መምህር ነው» አሉ፤ «ልጅ ከተወለደ ወዲህ ቤት ውስጥ ማንበብ አልቻለም።» ቀጥሎ ሁለት ገቡ፣ ቀጥሎ ብዙ። የሰዉ መስመር መውጣት ጀመረ። ጋሼ በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ስክሪኑ አዘነበሉ። መስመሩ ወደላይኛው ሲጠጋ «ሊሞላ ነው!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ምንም አታደርግም?»

«ምንም። ዝም ብለው ይዩ።»

ከግድግዳው ማዶ የአዲስ ማራገቢያ ድምፅ ተነሳ፤ የሚቀጥለው ሰርቨር ነቃ። ጥቂት ቆይቶ የቦታው መስመር ብድግ አለ። ጋሼ ተነስተው ወደ ሰርቨሩ ክፍል ተመልሰው ሄዱና አሁን ከተነሳው ፊት እጃቸውን ዘረጉ። «መሞቅ ጀመረ» አሉ። «የእኔ መምህራን ናቸው።» ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የተናገሩት። ብዙ ቆምን። እኔም ያን ክፍል በየቀኑ ስገባበት ኖሬ እንዲያ ቆሜበት አላውቅም ነበር።

ጀሶው በማግስቱ ተፈታ። ከሥሩ የወጣው እግር የሌላ ሰው ይመስል ቀጥኖ፣ ነጥቶ ነበር፤ እትዬ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ያዙትና በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉት፣ ለእትዬ ሳይሆን ለእግሩ። እትዬ ሳቁ። በአንድ በኩል ጋሼ፣ በሌላ በኩል እማዬ ደግፈው ከበሩ እስከ ማንጎው አደረሷቸው። ልምምዱ ቀላል አልነበረም። የሚያለቅሱበት ቀን ነበር፤ እማዬ እያባበለች ስታስነሳቸው፣ ሲነሱ፣ ሲቀመጡ ሰነበቱ። ምርኩዝ ይዘው ብቻቸውን ግቢውን መዞር ሲጀምሩ ሐኪሙ መሄድ ይችላሉ አለ።

የሄዱ ዕለት እማዬ መናኸሪያ አልመጣችም። ራሴን አሞኛል ብላ አልጋዋ ላይ ተኛች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የራሷ አልጋ ላይ። ከመናኸሪያ ስመለስ አንሶላውን አልቀየረችውም ነበር።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ክፍሉን የተረከበው የሒሳቡ መምህር ነው፤ እሱ የሚደውለው የእውነት ችግር ሲኖር ብቻ ነው፣ ደህና ሰው ነው። ጋሼ ግን ሲመቻቸው ይደውላሉ። ሰርቨር ጨምረናል፣ አዲስ ከተሞችም ገብተዋል፤ ልኩንም በየጊዜው እንደ አዲስ እፈልገዋለሁ፣ ሰው ባለበት፣ ልኩ አንድ ቦታ አይቆምም።

በዚህ ዓመት፣ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ ከእማዬ ጋር ቶንጎ ሄድን። እትዬ ምርኩዛቸውን ትተው ከአጥሩ ወጥተው ተቀበሉን፤ ትንሽ ያነክሳሉ። ጋሼ ወደ ክፍሉ ይዘውኝ ሄደው እያንዳንዷን ሣጥን አሳዩኝ፤ ወንበሮቹን በየተራ ነካኋቸው። ሰው ሞልቶ ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ መስመሩን ሳላይ ወጣሁ።

ስንመለስ ሁለቱ ሴቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ ያልገባትን ሌላዋ እያወራች፣ የሚለቀም እህል በሰፌድ በመካከላቸው ዘርግተው ነበር። መኪናው ሊሄድብን ነው ብዬ እማዬን አስቸኮልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ሰፌዱን አየች፣ ገና ግማሹ አልተለቀመም።

«ነገ እንሂድ» አለች።